ሕፃናትን ይዞ ወደ አዋሽ ሸለቆ መውረድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ገና አዳማ ሳይደርስ ካፖርቱን ያወልቃል፤ መተሐራ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል፤ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ሲገባ ደግሞ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ይጀምራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ሳይመክረው የገዛ አካሉ እያዘዘው ነው። በእናቱ ጭን ላይ የተኛው ሕፃን ግን ልብሱን ማውለቅም ሆነ «ሞቀኝ» ብሎ መናገር ስለማይችል፥ አዲስ አበባ ላይ በተጠቀለለበት ጋቢ እንደ ተጠቀለለ ቆላ ይወርዳል። ከ2 ሺህ 3 መቶ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በአምስትና በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ይደርሳል ማለት ነው። ውድ አንባቢዎቻችን፥ ይህን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን አይደለም፤ በገዛ ልጃችን ደርሶ ስላየነው ነው።

በ2015 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ባለፈ በማግሥቱ ሳምንት፥ በሰመራ ከተማ መምህርት ሆና የምትኖር እኅታችንን ለመጠየቅ ቤተ ሰቡ በሙሉ ተነሣን። ታላቂቱ ልጃችን የሦስት ዓመት፥ ታናሹም ገና የሰባት ወር ሕፃን ነበረ። ከእኛም ጋር የልጆቹ አያት ነበሩ። እናታችን የደብረ ብርሃን ተወላጅ ናቸው፤ ስምንት ልጆች ወልደው ያሳደጉ ስለ ሆነ፥ በልጅ አያያዝ ረገድ ቃላቸውን የሚያልፍ ሰው በቤታችን የለም። በደብረ ብርሃን ቁር ልጅ ያሳደገ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ነፋስን ነው። ስለዚህ ሕፃኑን በስስ ልብሱ ላይ ሹራብ፥ በሹራቡ ላይ ፎጣ፥ በፎጣው ላይ ጋቢ ደራርበው፥ እርግብግቢቱንም ቅቤ ቀብተው ኮፍያ አጠለቁለት። በአውቶቡሱ ውስጥ መስኮት በተከፈተ ቁጥርም «እባካችሁ፥ ልጁን ብርድ ይመታብናል፤ ዝጉልን» እያሉ ይለምኑ ነበር። ተሳፋሪውም ሽበታቸውን አክብሮ ይዘጋላቸው ነበር። እኛም ዝም አልን። የተማርን ነን የምንለው እኛ ዝም ማለታችንን ዛሬም እንጸጸትበታለን።

ወደ መተሐራ ተቃርበን የበሰቃን ሐይቅ በአንድ ወገን፥ የፈንታሌን ተራራ በሌላው ወገን እያየን ስንሄድ ሕፃኑ ጸጥ አለ። «እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው፤ መንገድ እንኳ አያስቸግርም» እያልን ደስ አለን። አዋሽ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም እናቱ ጡት ልታጠባው ጋቢውን ብትገልጥ፥ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ዓይኖቹ በከፊል ተከድነው ከንፈሩ ደርቋል። ሲያለቅስም እንባ አልነበረውም። የሽንት ጨርቁ ከማለዳ ጀምሮ ደረቅ እንደ ነበረ ያስተዋልነውም በዚያን ጊዜ ነው። እናታችን «እመቤቴ ድረሽልኝ!» ብለው ጮኹ፤ ጋቢውን ግን መልሰው ሊያለብሱት እጃቸውን ዘረጉ።

በዚያ ስፍራ ሻይ የሚሸጡ፥ በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት የአፋር እናት ነበሩ። አንድም ነገር ሳይጠይቁ መጥተው ሕፃኑን ከእቅፋችን ወሰዱት፤ ወደ ዳሱ ጥላ አግብተው ልብሱን ሁሉ አወለቁለት። የገዛ ራሳቸውን ሻሽ ፈትተው ከጀሪካን ውኃ ነከሩና ከአንገቱ እስከ እግሩ አለበሱት፤ በሰሌን ማራገቢያም ያራግቡት ጀመር። ሻሹ ሲሞቅ እንደ ገና ይነክሩታል። ጥቂት ቆይቶ ሕፃኑ ዓይኑን ሲገልጥ ወደ እናቱ ዘወር ብለው «ልጄ፥ ጡትሽን ስጪው፤ አሁኑኑ ስጪው፤ ልብሱን ተዪው» አሏት። ለእናታችን ደግሞ በለዘበ ድምፅ «እኅቴ፥ ይህ የእናንተ አገር አይደለም። እዚህ ልጅን የሚገድለው ብርድ አይደለም» ብለው ነገሯቸው።

ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የመረመረው ባለሙያ ልጁ በሙቀት ተመትቶ እንደ ነበረና የአካሉም ውኃ እንዳለቀ ነገረን፤ በጨርቅ ማራሱንና ማጥባቱን ቀጥሉ ብሎ በዚያው አዋለን። «አንድ ሰዓት ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ . . .» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኛም እንዲጨርሰው አልጠየቅነውም። በዚያች ሌሊት በአዋሽ ዐደርን። እናታችን እንቅልፍ ስላልወሰዳቸው «በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ የእመቤታችንን ስደት እናስባለን፤ ሕፃን ታቅፎ በበረሃ መሄድ ምን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ ቀን አላወቅሁም ነበር» እያሉ ሲያለቅሱ ሰማናቸው።

ኋላ ከሐኪሞች ጠይቀን እንደ ተረዳነው የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። የሕፃን ገላ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለ ሆነ ከአካባቢው የሚቀበለው ሙቀት ከአዋቂ ሰው ይልቅ የበዛ ነው፤ አዋቂውን የሚያቀዘቅዘውን ላብ ግን ሕፃኑ እንደ ልብ ማላብ አይችልም። በእናቱም ደረት ላይ ሲታቀፍ የእርሷ ሙቀት ይጨመርበታል። የተደራረበ ልብስ ያለችውን ጥቂት ላብ እንዳትተን ይከለክላል፤ በገላ ላይ የተቀባ ቅቤም በቆላ የላቡን ቀዳዳ እየደፈነ ሽፍታ ያወጣል። በደጋ ሕፃኑን ከሞት የሚያድነው ልብስ በቆላ ለሞት የሚያቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። እናታችን አልተሳሳቱም፤ የደጋውን ጥበብ ወደ ቆላ ይዘው ወረዱ እንጂ።

የአደጋውን ምልክት ማወቅ የእያንዳንዱ ወላጅ ግዴታ ነው። ስድስት ሰዓት ያህል ሽንት ያልሸና ሕፃን፥ ያለ እንባ የሚያለቅስ፥ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፥ ከልማዱ ውጭ ዝም ብሎ የፈዘዘ ወይም ጡት እንቢ ያለ ሕፃን በቶሎ መታየት አለበት። በተለይ ስለ ዝምታው አጥብቀን እንናገራለን፤ እኛን ያታለለን እርሱ ነውና። ሕፃኑ ቢዝለፈለፍ ወደ ጥላ አግብቶ ማራቆት፥ በውኃ ማራስ፥ ማራገብ፥ ይህንም እያደረጉ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ራሱን ለሳተ ልጅ ግን በአፉ ምንም ማፍሰስ አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይገባልና።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሰመራ መቀጠል ወይም መመለስ እንዳለብን ስንመክር፥ እነዚያው የአፋር እናት «ሂዱ፤ ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ ሂዱ» አሉን። እኛ ግን ሦስት ቀን በአዋሽ ተቀምጠን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ሰመራን ያየናት በሌላ ጊዜ ነው።

በእነዚያ ሦስት ቀናት አዋሽን በደንብ ለማየት ቻልን። ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚህ ያልፍ በነበረበት ዘመን፥ መንገደኛው ወርዶ ምሳውን የሚበላበት ቡፌ በጣቢያው አጠገብ ነበረ፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የዚያን ቡፌ ወጥ ዛሬም ያወሱታል። ከተማዋን አለፍ ሲሉ የአዋሽ ወንዝ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይፈስሳል። እይታው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ ከገደል አፋፍ ላይ ምን እንደምታደርግ ስለማይታወቅ፥ እጇን ሳንለቅ ዐይተን ተመለስን። እ.ኤ.አ. በ1966 በተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ወንዙ ከፏፏቴው ሲወርድ ማየት ይቻላል። ዝንጀሮዎቹ የሰው ምግብ ስለ ለመዱ፥ ሙዝ የያዘ ልጅ በዚያ አካባቢ ብቻውን ቆሞ መታየት የለበትም። በወንዙ ውስጥ አዞ አለ፤ ስለዚህ ውኃው ዳር ልጅን ማጫወት ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም። በፓርኩ ሰሜናዊ ወገን ያለውም ፍል ውኃ ዘምባባ የከበበው ውብ ስፍራ ነው፤ ሆኖም ሙቀቱ ለአዋቂ መድኀኒት ቢመስልም ሕፃን የሚነከርበት አይደለም። ልጆች በእነዚህ ስፍራዎች የሚደሰቱት ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የቀትር ጊዜ ለጥላና ለእንቅልፍ መተው አለበት።

እነዚያን እናት በየቀኑ እየሄድን ስንጠይቃቸው፥ አንድ ቀን ከከተማው ዳር ወዳለው የልጃቸው ቤት ወሰዱን። ቤቱ ዳቦይታ የሚባለው፥ በጎበጡ እንጨቶች ላይ የዘምባባ ሰሌን እየተደራረበ የሚሠራው የአፋሮች ቤት ነው። የሚሠሩትም፥ ሲነሡ የሚያፈርሱትም፥ በግመል ጭነው የሚወስዱትም ሴቶች ናቸው። ውጭው እንደ እሳት ሲንቀለቀል በውስጡ የሚንሸራሸር አየር ነበረ፤ ምክንያቱም ሰሌኑ ፀሐይን ይከለክላል እንጂ ነፋስን አይዘጋም። አራት ወር የሚሆነው ሕፃን ራቁቱን በሰሌን ላይ ተንጋሎ እግሩን ያወራጭ ነበር። እናቱም በየጥቂቱ ጡት ትሰጠዋለች፤ ውኃ ግን አልሰጠችውም። እናታችን ይህን ሁሉ በዝምታ ሲመለከቱ ቆይተው «እኔ ነፋስን ጠላት አድርጌ ሰባ ዓመት ኖርሁ» አሉ።

ውኃ አለመስጠቷ በሕክምናም ትክክል ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በጽኑ ሙቀት ጊዜ እንኳ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ደጋግሞ ማጥባት እንጂ ውኃ መጨመር አያስፈልግም። ይልቁንም ውኃውን መጠጣት ያለባት እናቲቱ ናት። በዚህ ላይ የጾም ነገር ይነሣል። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይጾሙ በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነው፤ የምታጠባ እናት ግን ብዙ ጊዜ ስለ ራሷ ሳትጠይቅ፥ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ትውላለች። ይህን በቆላ መንገድ ማድረግ የሁለት ሰው ነገር ስለ ሆነ፥ ከመነሣት አስቀድሞ ለንስሐ አባት ማማከር ይገባል። እኛ ስናማክር የተሰጠን መልስ በርኅራኄ የተሞላ ነበረ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ እንደ ገና ተነሣን። በዚህ ጊዜ ወሩን መረጥን፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ በዚያ አገር ለሕፃናት የሚስማማው ወራት ነው። ከሚያዝያ በኋላ ግን ሰመራ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። በአውቶቡስ ፋንታ እንደ ፈቃዳችን የምናቆመው መኪና ተከራየን፤ ወጪው ቢከብድም የሚያስቆጭ አልሆነም። የሕፃኑም ልብስ አንድ ስስ የጥጥ ቀሚስና አንድ ሰፊ ባርኔጣ ብቻ ሆነ። ለጠዋቱ ብርድ የያዝነውን ነጠላ አዳማ ላይ አነሣንለት። በፊቱ ላይ ነጠላ ጣል ማድረግም ቀርቷል፤ ጥላ የሚሰጠው መስሎን አየሩን እናሳጣው ኖሯልና። በአንገቱ ኋላ እጃችንን አግብተን ላብና ግለት መኖሩን በየጊዜው እንዳስሳለን፤ እጅና እግሩ ቢቀዘቅዝ ምንም አይደለም፤ የሚታመነው አንገቱ ነው። በቆመ መኪና ውስጥም ልጅን ለአፍታ እንኳ ትቶ መውረድ ክልክል አደረግን፤ በፀሐይ የቆመ መኪና በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ዐሥር ዲግሪ ያህል ይጨምራልና። ደግሞም የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪኖች መንገድ ስለ ሆነ፥ ሕፃኑን ታቅፎ ከሾፌሩ አጠገብ መቀመጥን ትተን ልጆቹን በኋለኛው ወንበር፥ ታላቂቱን በቀበቶ፥ ታናሹን ከዘመድ በተዋስነው የልጅ ወንበር አስቀመጥን። እናታችን ያን ወንበር «ዙፋን» ይሉታል።

በአዋሽ መጀመሪያ የፈለግነው እነዚያን እናት ነው። ቡና ይዘንላቸው ነበር። ልጁ በእግሩ ሲድህና ሲቆም ባዩ ጊዜ ሳቁ፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት አንገቱን መዳሰስ ነበረ።

ስለ ውኃ አንድ ነገር ማንሣት አለብን። በመተሐራና በአካባቢው ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛበታል። በዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው እየበለዘ የሚታየው ስለዚህ ነው። ብዙ ሰው ውኃን ማፍላት ከክፉ ነገር ሁሉ የሚያጠራው ይመስለዋል፤ ማፍላት ተባዮችን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም እየበዛ ይሄዳል። ለጥቂት ቀን እንግዳ የሆነ ልጅ በዚህ አይጎዳም፤ ቢሆንም በጡጦ የሚጠጡ ሕፃናትን ወተት የታሸገ ውኃ እያፈሉ ማዘጋጀት ይሻላል። ለተቅማጥም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት መያዝ አይዘንጋ፤ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በአንድ ቀን ውስጥ መጨረስ፥ የተረፈውን መድፋት ነው።

ከአዋሽ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጭሮና ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ፥ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ ያመራል። ከዚህ እስከ ሰመራ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በገዋኔ ዙሪያ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ ሜዳውን ወርሮታል። እሾኹ የመኪና ጎማ የሚበሳ ስለ ሆነ፥ መሄድ የጀመረ ልጅ በነጠላ ጫማ ከመኪና መውረድ የለበትም። ታላቂቱ ልጃችን አንድ ጊዜ ሸሽታ ወርዳ እሾኹን ቀምሳዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ጫማ አድርጊ ማለት አላስፈለገንም። በማታም ጫማውን ከማጥለቅ በፊት አራግፎ ማየት፥ ስለ ጊንጥ፥ የአገሩ ሁሉ ልማድ ነው።

ከሚሌ ሳንርቅ ሾፌራችን ወደ ምዕራብ በእጁ እያመለከተ ስለ ሐዳርና ስለ ዲኪካ ነገረን። ድንቅነሽ የተገኘችው በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ነው፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በዲኪካ «ሰላም» የተባለች የሕፃን ልጅ አፅም ተገኝታለች። የተመራማሪዎቹ መሪ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ናቸው። ሊቃውንቱ ዕድሜዋን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያደርሱታል። የዘመን ቁጥሩን ለሊቃውንቱ እንተወውና፥ ልባችንን የነካው በሞተች ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች መባሉ ነው። የእኛይቱ የሦስት ዓመት ልጅ በኋላው ወንበር ላይ ተኝታ ነበረች። ሾፌሩ ሲናገር እናቷ ዘወር ብላ አየቻት።

ሰመራ በሜዳ ላይ የተዘረጋች አዲስ ከተማ ናት። ቀድሞ በአሳይታ የነበረው የክልሉ መቀመጫ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ መሥሪያ ቤቶቹ፥ ዩኒቨርሲቲውና አውሮፕላን ማረፊያው ተሠርተዋል። ጥንታዊ ነገር የሚፈልግ መንገደኛ አሳይታ ቢሄድ ይሻለዋል። ከባሕር ወለል ያላት ከፍታ ከ4 መቶ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጎረቤቷ ሎጊያ የሾፌሮች ከተማ ስለ ሆነች ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም። የሰመራ ሕይወት በማለዳና በምሽት ነው፤ ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። እኅታችን ያስተማረችን ጥበብ ይህ ነው፦ ቬንትሌተር ብቻውን፥ አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፥ ትኩስ ነፋስ ከማንፈስ በቀር ጥቅም የለውም፤ የልጁን ገላ በርጥብ ጨርቅ እያበሱ ሲሆን ግን ያቀዘቅዛል። መብራት ሲጠፋም ርጥቡ ጨርቅና የሰሌኑ ማራገቢያ ይበቃሉ። እናታችን ማራገቢያውን ከእጃቸው ለይተውት አያውቁም ነበር።

በሙቀት ወራት የሰመራና የሎጊያ ሰው አልጋውን አውጥቶ ደጅ ያድራል። ለልጆች ይህ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ያለ አጎበር አይሆንም። ደጋ ላይ ያደገ ሕፃን ወባን የሚቋቋምበት ኀይል የለውም። በዚያም ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሀር መጀመሪያ የታየች፥ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባል እንግዳ የወባ ትንኝ፥ ከዚያ ወዲህ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፥ በገዋኔና በሰመራም ተገኝታለች። የዚህች ትንኝ ክፋት ረግረግ ሳትፈልግ ሰው በየግቢው ባስቀመጠው በርሜልና ታንከር ውስጥ መራባቷ ነው። ስለዚህ ባረፍንበት ቤት ሁሉ አስቀድመን የምናየው አልጋውን ሳይሆን የውኃው በርሜል መከደኑን ነው። ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታመጣው ትንኝ ደግሞ የምትናደፈው በቀን ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ፥ እኛ መጀመሪያ በሄድንበት ወር፥ በሎጊያና በሚሌ ወረርሽኙ ታይቶ ነበር። ሕፃኑ በቀን ሲተኛም አጎበር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በዚያ አገር ትኩሳት ለያዘው ልጅ ደሙ ሳይመረመር አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት አይገባም፤ ደንጊ ከሆነ ያደማዋልና። በሰመራ አቅራቢያ የዱብቲ ሆስፒታል አለ። ወደ ቤት ከተመለሱም በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት፥ አልፎ አልፎም ከዚያ ዘግይቶ፥ ትኩሳት ቢመጣ «አፋር ነበርን» ብሎ ለሐኪም መናገር ይገባል፤ ያለዚያ ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል።

የወተትን ነገር በዚህ እንጨምር። አፋር እንግዳ ሲመጣበት ወተት ያቀርባል፤ ለሕፃን ደግሞ ከሁሉ ያስቀድማል። ይህን መግፋት ነውር ነው። ጥሬ ወተት ግን በሽታ ያስተላልፋል። እኛ ወተቱን በሁለት እጃችን ተቀብለን፥ አመስግነን «ለልጁ አፍልተን እንሰጠዋለን» ስንል ያዘነብን ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ የፈንታሌ አካባቢ ምድር ይንቀጠቀጥ ጀመረ፤ በታኅሣሥና በጥር በርትቶ ብዙ ቤተ ሰቦች ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች ቀያቸውን ለቅቀው ወጡ። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ስለ መንገዱና ስለ ምድሩ አስቀድሞ ይጠይቅ። የሻያችንን ባለቤት በስልክ ጠይቀናቸው ደኅና መሆናቸውን ሰምተናል።

አፋሮች ዳጉ የሚባል የወሬ መቀባበል ሥርዐት አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቆም ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ፤ ወሬው እንዲህ እያለ አገሩን ሁሉ ይዞራል። በ2016ቱ ጉዞ ከሰመራ ስንመለስ ከገዋኔ ወዲህ ባለች ትንሽ መንደር ጎማ ለማስነፋት ቆምን። ፍየል የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ቀርቦ በሾፌራችን አስተርጓሚነት የልጆቹን ደኅንነት ጠየቀ፤ ከወዴት እንደ መጣን፥ በፊትም መጥተን እንደ ሆነ ጠየቀ። ከዚያም ታናሹን ልጅ አተኵሮ ተመለከተና «አዋሽ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣው ልጅ ይህ ነው?» አለ። እኛ በመገረም «አዎን» አልነው። ሽማግሌው እናታችንን ከእግር እስከ ራስ አይቶ «ጋቢውስ የት አለ?» ብሎ ጠየቃቸው።

እናታችንም ማራገቢያቸውን ሳያቆሙ «ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ደብረ ብርሃን ስገባ አለብሰዋለሁ» አሉት።